ገበያው ተቀይሯል፤ የመድየን ጉድጓድ ግን አሁንም ያስተምረናል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ማስታወሻችን ከሶላት በኋላ መስጂድ ደጃፍ ላይ ቆመን ሁልጊዜ ስለምናወራው ነገር ነው፤ ስለ ሥራ። በተለይም ወንዱ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ፣ ሴቷ ደግሞ ሥራ ውላ ስትገባ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚፈጠረው ዝምታና ኩርፊያ። ከዚህ የተነሳ ኒካሕ ያዘገየ ወንድም አለ። ከዚህ የተነሳ የጀመረችውን ሥራ ተዪ የተባለች እህት አለች። ከዚህ የተነሳ የፈረሰ ትዳርም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በእርጋታ እንየው።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟትን ዲጋን አስቡ። የእናት የአባቶቻችን ኑሮ በዚያ አካባቢ የታወቀ ነበር። ወይናደጋው ላይ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላና ሰሊጥ፤ ጓሮ ውስጥ ቡናና ማንጎ። ከተማ የገባው ሱቅ ይከፍታል፤ የተማረው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል። አባት የቤቱ አስተዳዳሪ ተባለ። እናት ደግሞ ስታርም፣ ቡና ስትለቅም፣ ገበያ ወጥታ ስትሸጥ ውላ ብትገባም የቤት እመቤት ከመባል አላለፈችም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እናቶቻችን ያልሠሩበት ዘመን አልነበረም። ሥራቸው ስም ሳይሰጠው፣ ሳይቆጠር ኖረ እንጂ።

አሁን ያ የታወቀው መንገድ ጠቧል። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ የብዙ ቤተሰብን የጓሮ ገቢ ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ሲቋረጥ፣ በስልክ ዋጋ ጠይቆ የሚነግድ ሰው እንዴት እጁ እንደታሰረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መንገድ አስጊ በሆነ ቁጥርም ሹፌሩ ከነረዳቱ፣ ነጋዴው ከነተሸካሚው ቤት ይቀመጣል።

ትምህርቱም እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ደመወዝ ላይ አያደርስም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ዲግሪ የያዘ ልጅ ሥራ አያጣም የሚል ተስፋ በየቤቱ ነበር። ዛሬ ዲግሪውን በፌስታል ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተናውንም ታውቁታላችሁ፤ በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ይህ ማለት ከተፈታኙ ወጣት አብዛኛው በዚያ በር አያልፍም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ክፍት ቀረ? ትንሹ ሥራ። ጉሊት፣ ጀበና ቡና፣ ምግብ ማብሰል፣ የልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ ቡና ለቀማ። እነዚህን በብዛት የሚሠሩት እህቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ገቢው ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ይገባል። ወንዱ የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ ደመወዙ ይሻላል፤ ግን አይመጣም። እንዲህ ሆነና በብዙ ቤት ውስጥ የዕለት ዳቦው በሴቷ እጅ መግባት ጀመረ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ገበያው ነው ያመጣው።

የሴቶቹ በር ሰፊ ሆነ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ በብዛት የገቡት ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ የልብስ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ ብዙ ልጆችም ሥራቸውን አጡ። በዓለም ደረጃም ቢሆን፣ የዓለም የሥራ ድርጅት እንደሚለው፣ ለሥራ ዕድሜ ከደረሱ ወንዶች 72 በመቶ ያህሉ በሥራ ወይም ሥራ ፍለጋ ላይ ሲሆኑ ከሴቶች ግን 47 በመቶ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ወንዱ ጠፍቶ ሴቷ አሸነፈች የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በጠባብ በር እየተጋፉ ነው።

አሁን ወደ ቁርኣን እንመለስ። ሱረቱል ቀሰስን ከአንቀጽ 23 ጀምሮ እስከ 28 ዛሬ ማታ ክፈቱና አንብቡት። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ደረሱ። በፊርዐውን ቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው፣ አሁን ስንቅ የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ ሥራ የላቸውም። ከውኃው ጉድጓድ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ሰዎች ከብቶቻቸውን እያጠጡ ነው። ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ከልክለው ወደ ኋላ ቆመዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቋቸው። እረኞቹ አጠጥተው እስኪሄዱ ድረስ እንደማያጠጡና አባታቸው በጣም ሽማግሌ እንደሆኑ ነገሯቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጉድጓድ በደንብ እዩት። የእኛ የሥራ ገበያ እሱ ነው። ጉልበት ያለው ከፊት ነው፤ ወደ ኋላ የቀረው ተራ ይጠብቃል። ሁለቱ እህትማማቾች ደጅ የወጡት ቤታቸው ስለሚያስፈልገው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ታሪካቸውን ሲነግረን በመውጣታቸው አላነወራቸውም። ሐያእ ይዘው ሠሩ፤ ቁርኣኑ ያቺን ወደ ሙሳ የመጣችውን ልጅ አካሄድ እንኳ በሐያእ ገልጾታል። ሐያእና ሥራ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሙሳስ (ዐ.ሰ.) ምን አደረጉ? ለምን ወጣችሁ ብለው አልገሠጹም። በጎቹን አጠጡላቸው። ዋጋም አልጠየቁም። ከዚያ ወደ ጥላው ሄደው፣ ከአላህ ለሚወርድላቸው መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን ለጌታቸው ነገሩ። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ዱዓ። ብዙዎቻችን ጥላው ሥር ተቀምጠን ዱዓ እናደርጋለን፤ ባልዲውን ግን አልነካነውም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው አለች፤ ምክንያቷም ብርቱና ታማኝ መሆኑ ነበር። ሥራ ያገኙት በአንዲት ሴት ጥቆማ ነው። በቤተ መንግሥት ያደጉት ሰው የሰው በግ ጠባቂ ሆኑ። አባትየውም ከልጆቻቸው አንዷን ሊድሩላቸው ስምንት ዓመት እንዲያገለግሉ፣ አሥር ቢሞሉ ግን የራሳቸው በጎነት እንደሚሆን ተስማሙ። መኖሪያቸውን፣ ሥራቸውንና ትዳራቸውን ያገኙት ከዚያ ጉድጓድ ዘንድ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ በመጀመሪያ ላንተ። ዲግሪህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ዲግሪ ይዤ ባጃጅ አልነዳም፣ ዲግሪ ይዤ ሱቅ አልቆምም፣ ዲግሪ ይዤ ማንጎ አልሸጥም ብለህ ሁለት ሦስት ዓመት ከተቀመጥህ፣ ማንን እያከበርህ ነው? ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተነግሮናል። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሀብታቸውን መካ ጥለው መዲና ሲገቡ፣ የአንሷሩ ወንድማቸው ንብረቱን ሊያካፍላቸው ሲል፣ ዱዓ አድርገውለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ቅቤና አይብ እየነገዱ ጀመሩ። ስንፍና የሚያሳፍርህን ያህል ትንሽ ሥራ ሊያሳፍርህ አይገባም።

ሥራ ፈልገህ ያጣኸው ወንድሜ ግን ይህን ለብቻህ ስማ። አላህ ነፍስን ከምትችለው በላይ አያስገድድም። ጠዋት ወጥተህ፣ አንኳኩተህ፣ ተመልሰህ ባዶ እጅህን የገባህበት ቀን ኃጢአት ሆኖ አይጻፍብህም። ራስህን አትጥላ፤ ወደ ጫትና ወደ ቁማር አትሽሽ። በስልክ የሚመጣው የስፖርት ውርርድ ሥራ አይደለም፤ ቁማር ነው፤ ብዙ ጓደኞችህን የበላው እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ቀዋማነት ነው። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 34 አላህ ወንዶችን በሴቶች ላይ ኃላፊ ሲያደርግ ከገንዘባቸው ማውጣታቸውን አብሮ ጠቅሷል። ይህ ሸክም ነው፤ የኩራት ማዕረግ አይደለም። እዚያው ሱራ አንቀጽ 32 ላይ ደግሞ ወንዶች ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው፣ ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ነግሮናል። ስለዚህ ሚስትህ ወይም እህትህ በላቧ ያመጣችው ገንዘብ የራሷ ነው። ቀለብ ያንተ ግዴታ ነው፤ እሷ ሀብታም ብትሆን እንኳ ግዴታው አይነሳልህም።

እሷ በፈቃዷ ለቤቱ ካወጣችስ? የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ.) ለባሏና በእሷ እጅ ለሚያድጉ የቲሞች የምታወጣው ሰደቃ ይሆንላት እንደሆነ አስጠይቃ ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት አጅር እንዳላት መለሱ፤ የዝምድና አጅርና የሰደቃ አጅር። እንግዲህ አስብ። ሚስትህ ዘይት ገዝታ ስትገባ እየሰጠችህ ያለችው ሰደቃ ነው። ሰደቃ የሚቀበል ሰው ይኮራል? ፊቱን ያጠቁራል? የት ዋልሽ ብሎ ይጮኻል? አመስግናት። ዱዓ አድርግላት። በልጆቿ ፊት አክብራት።

ከምስጋናው ጋር ደግሞ እጅህን አንሳ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ 76 በመቶ ያህሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ አባትየው 3 ቀን አለው። ከሦስቱ ቀን በኋላ ያለው ያንተ ፈቃድ ነው፤ ሕግ አያስገድድህም፣ ሱናው ግን ይጠራሃል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሶላት እንደሚወጡ ተናግራለች። እሷ ከጠዋት ጀምራ ገበያ ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ፣ አንተ ሥራ ፈትተህ ውለህ፣ ውኃው ያልተቀዳ፣ ልጁ ያልታጠበ፣ ምጣዱ እሷን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያ ወንድነት ከየትኛው ሱና ተወሰደ?

እህቴ ሆይ፣ አሁን ደግሞ ወዳንቺ። ኸዲጃ (ረ.ዐ.) የመካ ነጋዴ ነበረች፤ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በንግዷ ያሠማራቻቸው እሷ ናት። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) በእጇ ትሠራ ነበር፤ ቆዳ ታለፋና ትሰፋ፣ ከዚያም ሰደቃ ትሰጥ ነበር። የጃቢር አክስት (ረ.ዐ.) ተፈትታ በዒዳ ላይ ሳለች ተምሯን ልትለቅም ስትወጣ አንድ ሰው ገሠጻት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትሄድ ግን ፈቀዱላት፤ ምናልባት ከእሱ ሰደቃ ልትሰጪ ወይም በጎ ልትሠሪበት ትችያለሽ በሚል ምክንያት። ያንቺ ሥራ ከደዒፍ ኢማን የመጣ ነው የሚልሽ ሰው ካለ እነዚህን ሴቶች አስታውሺ።

ከዚህ ጋር ግን አደራ አለብሽ። ሐላሉን ምረጪ። ሂጃብሽንና ሶላትሽን የሚያስጥልሽ ሥራ፣ ደመወዙ ቢበዛም በረካው ምን ይሆናል? ሥራና ትምህርትን ከኒካሕ በፊት በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ካስፈለገም በውላችሁ ውስጥ አስገቡት። ከኒካሕ በኋላ ድንገት ከመጋጨት ቀድሞ መስማማት ይሻላል፤ ዝርዝሩን ዑለሞችን ጠይቁ። ዐረብ አገር ለመሄድ ያሰብሽ ካለሽም በደላላ መንገድ አትውጪ። ውልሽን አንብቢ፣ በሕጋዊ ኤጀንሲ ሂጂ። የሄደች እህት ያላችሁ ወንድሞችም፣ የላከችውን ብር የምትበሉበት ልክ ይኑራችሁ፤ ስትመለስ ባዶ ቤት እንዳትገባ በስሟ አስቀምጡላት።

በገንዘብሽ ደግሞ ሰውን አታሳንሺበት። ባልሽ ሥራ ባጣበት ወር የሰጠሽውን እየቆጠርሽ ከነገርሽው ሰደቃሽን አጠፋሽው። ሰደቃን መመጻደቅና ማስከፋት እንደሚያበላሸው በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 264 ተነግሮናል። ቤት ውስጥ ልጅ ለማሳደግ የመረጥሽ እህትም ሥራ ፈት አይደለሽም፤ የሚቆጥርልሽ አላህ ነው።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ከፍታችሁ ሰው የቀጠራችሁ ወጣቶችም አላችሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ለወንዱ የምትከፍሉትን ለሴቷ አታጉድሉባት። ሴት ናት፣ አትከራከርም ብሎ ደመወዝ መቀነስ ግፍ ነው። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው የተባለው ለሁለቱም ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ምክር አንድ ነገር ነው። ገበያው በራሱ ጊዜ ይቀያየራል፤ ዛሬ የወንዱ በር ይዘጋል፣ ነገ የሴቷ። ከዚህ ወጀብ የሚያወጣን ከቤት ውስጥ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር አይደለም። ያለው ያቅርብ፣ የሌለው ባልዲውን ይያዝ። ሪዝቁ የአላህ ነው፤ በባል እጅ ቢልከውም በሚስት እጅ ቢልከውም ላኪው አንድ ነው።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሥራ። አንደኛ፣ ሥራ የሌለህ ወንድሜ፣ የናቅኸውን አንድ ሥራ ሄደህ ጠይቅ። ጓደኞች ተሰባስባችሁ ዕቁብ ግቡ፤ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸውና ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ እናትህ፣ እህትህ ወይም ሚስትህ ከምትሠራው የቤት ሥራ አንዱን ውሰድና ያንተ አድርገው፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዘለቄታው። ሦስተኛ፣ የሥራ ወሬ የሰማችሁ ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፤ ያቺ የመድየን ልጅ እንዳደረገችው ብርቱና ታማኝ የሆነውን ጠቁሙ። አንድ መልእክት የአንድ ቤት እንጀራ ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጁሙዓ አንቀጽ 10 ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ እንድንበተን፣ ከችሮታው እንድንፈልግና እሱን አብዝተን እንድናወሳ አዝዞናል። ጁሙዓችን የሚያበቃው በሥራ ነው ማለት ነው።

ያ አላህ፣ ሐላል ሪዝቅ ስጠን፣ በሰጠኸንም ላይ በረካ አድርግ። ሥራ ላጡት በር ክፈትላቸው። ፀሐይ ላይ ለሚውሉት እናቶቻችንና እህቶቻችን ድካማቸውን አቅልላቸው፣ አጅራቸውን እጥፍ አድርግላቸው። ቤቶቻችንን በመተዛዘን ሙላቸው። ለወለጋ፣ ለመላው አገራችን ሰላም አውርድ፤ መንገዶቻችን ይከፈቱ፣ ገበያዎቻችን ይሙሉ። አሚን ያ ረበል ዓለሚን።

ይህን ሥራ ለጠፋበት ወንድማችሁና ደክማ ለገባች እህታችሁ አድርሱልን። ዛሬ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።